ባለ ክብሪት እግሩ ቦራ

ፋራህ ጋሪውን ከሸጠ በኋላ ቤት መዋል አልሆነለትም። ልጁ ፊርዶስ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የልብስና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አላት፤ እዚያ በር ላይ ዱካ አስወጥቶ መቀመጥ ጀመረ። መቀመጡስ ባልከፋ ነበር፤ ችግሩ አፉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመጋላ ሰፈር እስከ መልካ ጀብዱ ሰውና ዕቃ በፈረስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ ፈረስን ደግሞ በምላስ አትሸነግለውም። ገብስ የሌለበትን ኮሮጆ «አለበት» ብትለው አፍንጫውን አስገብቶ ያጣራል፤ ከዚያ ወዲያ አያምንህም። ፋራህም ከፈረስ ጋር ኖሮ ኖሮ ውሸት ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

አንዲት ሴት ቬንቲሌተር አንስታ «ይሄ ጠንካራ ነው?» ስትል ፊርዶስ አፏን ሳትከፍት ከበሩ ድምፅ ይመጣል።

«እኔ ቤት ያለው ረመዳን ሳይወጣ ቆመ።»

ሌላው ጫማ ሲለካ ደግሞ «ትናንት አንዱ ሊመልሰው መጥቶ ነበር፤ አልተቀበለችውም» ይላል።

«አባ! ሱቄን ልታዘጋው ነው እንዴ?» ትላለች ፊርዶስ።

«ጠየቁ፤ መለስኩ» ይላል።

አንድ ቀን ከመጡ የልጆች መጫወቻዎች መሐል አንድ የተጨራመተ ካርቶን ወጣ። ውስጡ የፈረስ ግልቢያ መስመር የተሳለበት ሰሌዳ፣ ጣት የሚያክሉ አሥር የእንጨት ፈረሶች፣ ሁለት ዳይስና አንድ እስር የውሸት ብር ነበረበት። እያንዳንዱ ፈረስ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው። መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ ማንም አላነበበውም። ስምንት ቁጥሩ ፈረስ የፊት እግሩ ተሰብሯል። ፊርዶስ «ይሄ አይሸጥም» ብላ ልትጥለው ስትል አባቷ ቀማት።

ፋራህ የተሰበረውን ፈረስ ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ሆኗል።

«ቦራ ነው» አለ። «ግንባሩን አየሽ? እንዲህ ያለው ፈረስ ይሮጣል።»

«እግር የለውም እኮ አባ።»

«እግሩ ይሠራል። ዋናው ልቡ ነው።»

ፊርዶስ የአባቷን ፊት አየች። ጋሪው ከተሸጠ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም። ደግሞም ሌላ ሐሳብ መጣላት።

«ውሰደው» አለችው። «መጋላ ወስደህ ከሰዎች ጋር ተጫወትበት። እዚህ አያስፈልግም። እዚያ ነው ጥሩ የሚሆነው። ቀኑን ሙሉ።»

ፋራህ በክብሪት እንጨትና በማጣበቂያ ለቦራ እግር ሠራለትና በማግስቱ ካርቶኑን ታቅፎ መጋላ፣ ቦጋለች ሻይ ቤት በር ላይ ደረሰ።

ቦጋለች ድሮ በባቡር ጣቢያው መዝናኛ ክበብ የሠራች፣ ጡረታ ስትወጣ እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ሻይና ሳምቡሳ መሸጥ የጀመረች ሴት ናት። ሰፈሩ ማማ ቦጌ ይላታል። ከአጠገቧ የማይጠፉ ሰዎች ስላሉ ፋራህ ሰሌዳውን ክብ የብረት ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጋ አፍታም ሳይቆይ ተከበበ። እያንዳንዱ ፈረስ መረጠ። ፋራህ ቦራን ያዘ። ዳይሱን ሊወረውሩ ሲሉ ግን ኡስታዝ ሙስአብ ከዐስር ሰላት ሲመለስ ደረሰባቸው። የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀራ፣ ሳቅ የማይርቀው ወጣት ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፈረስ ውድድር» አለ ፋራህ።

«በገንዘብ?»

ሁሉም የውሸት ብሩን አዩ። ማማ ቦጌ ቀልጠፍ ብላ አነሳችውና ከሰል ማቀጣጠያ አደረገችው። «በገንዘብ አይደለም» አለች።

«በዕቃ?»

«በዕቃም አይደለም።»

«ታዲያ የሚያሸንፈው ምን ያገኛል?»

ያን ጊዜ ነው ፋራህ ያልተጠበቀ ነገር የተናገረው። «ምስጋና» አለ። «ጭራ የወጣው ሰው ዱካ ላይ ቆሞ ያሸነፈውን ፈረስ ያወድሳል። ሌላ ነገር የለም።»

ኡስታዝ ሙስአብ ጺሙን ዳሰሰ። «ምስጋናስ ማንንም አልጎዳም። ዳይሱን ግን አልወድላችሁም» አለና ሁለቱንም ኪሱ ከቶ ሄደ።

ዳይስ ከሌለ ፈረሱ በምን ይሂድ? አንዱ ይሄን፣ ሌላው ያን ሲል አንድ ባጃጅ እየተንደቀደቀ በመካከላቸው አለፈ። ማማ ቦጌ ብርጭቆ እያጠበች ቀና አለች።

«ታርጋው በስንት ጨረሰ?»

«በሦስት።»

«እንግዲያው ሦስት ቁጥር ፈረስ አንድ ይራመዳ! በዜሮ ከጨረሰ አሥር ቁጥር ነው። አቦ፣ ይሄ ምን ይከብዳል?»

አልከበደም። መንገዱ ገበያውን ከአስፋልቱ ስለሚያገናኝ ባጃጅ አይቋረጥበትም። አንድ የከነከነው ፋራህ ብቻ ነበር። እንጀራውን የነጠቁት ባጃጆች ናቸው፤ እሱም ከነሱ አንዱ ላይ ላይወጣ ምሎ፣ በድሬ ፀሐይ ታይዋን አጠገብ ካለው ቤቱ መጋላ በእግሩ ነው የሚመላለሰው። «ሦስት እግር ያለው ነገር መንገድ ላይ አይወጣም» ይል ነበር። አሁን ፈረሶቹ በባጃጅ ትእዛዝ ሊሮጡ ነው። ግን ቦራ መስመሩ ላይ ቆሟል። ዱካውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

ያን ቀን አራት ቁጥሩ ዳማ ፈረስ አሸነፈ። ባለቤቱ ሂሻም ነው፤ የራሱ ባጃጅ ታርጋ በአራት ስለሚጨርስ ነው የመረጠው። የፋራህ ቦራ ከተነሳበት ንቅንቅ ሳይል ጭራ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀና «አባ ፋራህ፣ ውጣ!» አለው። ፋራህ ዱካው ላይ ወጣ፤ ነጠላ ጫማውን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

ይሄ ሰው በሶማሊኛ ይቆጣል፣ በኦሮምኛ ይቆጥራል፣ ፈረስ ሲያወድስ ግን አማርኛ ነው የሚቀናው። ያን ሁሉ ዓመት በመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሄድ ሱልጣን የሚባል ፈረሱን በግጥም ነበር የሚያበረታታው። ከሱልጣን በቀር የሰማው አልነበረም።

*ዳማው! ዳማው! አሸዋ ረግጦ ዱካ የማይተው፤*
*ነፋስ ከኋላው ቀርቶ «ጠብቀኝ» የሚለው!*

ሳቁ ቆመ። ከሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። ፋራህ ቀጠለ፤ የዳማውን ሰኮና፣ አንገት፣ የጆሮውን አቋቋም፣ ሣር ሲግጥ እንኳ እንደ ሙሽራ በጨዋነት እንደሚያኝክ ተናገረ። ሲወርድ ሂሻም የእንጨት ፈረሱን አንስቶ አዲስ እንደተወለደ ልጅ ያየው ጀመር።

በማግስቱ ሰው በዛ። ሰባት ቁጥሩ ጥቁር ፈረስ ያሸነፈ ቀን ፋራህ ደግሞ እንዲህ አለ፦

*ጥላው ተከትሎት፣ ገና ከደጅ ሲወጣ፤*
*እሱ ደርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተመልሶ የመጣ!*

ከዚያ ወዲህ በዐስርና በመግሪብ መካከል መጋላ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሂሻም ዳማውን ሊያስቀድም ባዶ ባጃጁን ይዞ አምስቴ ሲመላለስ ተያዘ። «ተሳፋሪ ያልጫነ ባጃጅ አይቆጠርም» የሚል ሕግ ወጣ። ይሄም አልበጀም፤ አዴ ናስቲሆ የተባሉ አሮጊት መስጊድ አድርሱኝ ብለው በተሳፈሩበት ባጃጅ በዚያች መንገድ አራት ጊዜ ካለፉ በኋላ «ልጄ፣ መስጊዱ ተነቀለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ ተባለ።

ሁሉም ተራ በተራ አሸነፈ። ቦራ ብቻ አላሸነፈም። ማሸነፍ ቀርቶ ከቆመበት አንድ የተራመደበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። «አባ ፋራህ፣ ሌላ ፈረስ ያዝ» ሲሉት ይቆጣል። «ፈረስ ልብስ ነው እንዴ የሚቀየረው?» እቤቱ ሲገባ ግን ቦራን መስኮቱ ላይ አቁሞ ይወቅሰዋል። «ለምን ታዋርደኛለህ? ምን ጎደለብህ? እግር ሠራሁልህ።» አንድ ማታ፣ ማንም እንዳያየው ዞር ዞር ብሎ፣ ጥቂት ገብስ ከፊቱ አስቀመጠለት።

አንድ ቀን ከሰዓት ፋራህ ከታይዋን ወደ መጋላ ሲያዘግም አንድ ባጃጅ አጠገቡ ቆመ። ነጂው ፍራኦል የሚባል የመልካ ጀብዱ ልጅ ነበር።

«አባ ፋራህ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ለአላህ ብለህ ፈረስህን ቀይር።»

«አንተም? ምን አገባህ?»

«እንጀራዬ ነዋ! ታርጋዬ በስምንት ይጨርሳል። ከዐስር በኋላ በማማ ቦጌ መንገድ እንዳላልፍ ተከልክያለሁ። በስምንት የሚጨርስ ሁሉ ተከልክሏል። ሂሻምና ጓደኞቹ መታጠፊያው ላይ ቆመው ይመልሱናል።»

ፋራህ ቆመ። «ለምን?»

«አንተ እንድትሸነፍ። ካልተሸነፍክ ማን ያወድሳል? ሰው የሚመጣው አንተን ለመስማት ነው።»

ፋራህ ያን ቀን መጋላም አልሄደም። ዞሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ በሶማሊኛ። ቀጥሎ አፈረ፤ ለካ ሽማግሌ አቁመው እንደ ቴፕ ሲያስለፈልፉት ነው የከረሙት። ከሁሉ የባሰበት ግን መስኮቱ ላይ የቆመውን ቦራ ሲያይ ነው። ምንም ሳያጠፋ ስንት ቀን ሰደበው! ብድግ አድርጎ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገለት።

«አውፍ በለኝ» ሲል ይቅርታ ጠየቀው። «መንገድ ዘግተውብህ ነው።»

በማግስቱ ፊርዶስ ሱቅ በር ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊርዶስ ደነገጠች፤ ምክንያት ነበራት። ጠዋቱን ብቻ አንድ ቻርጀር፣ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ሬዲዮ ከደንበኛ እጅ እውነቱን እየተናገረ አስጣለ።

«አባ፣ ምን ሆንክ? ማን ነካህ?»

ነገራት። ፊርዶስ በአንድ በኩል ሳቋ መጣ፣ በሌላ በኩል አባቷ አሳዘናት፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ሬዲዮው ትዝ አላት።

«እና ዝም ልትል ነው?» አለችው። «የመልካ ጀብዱን መንገድ ሙሉ ያዘዘ ሰው፣ ለሂሻም እጅ ትሰጣለህ?»

ፋራህ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተነስቶ፣ በቤቱ አልፎ ቦራን ይዞ፣ ፍራኦልን ፍለጋ ወጣ።

«በስምንት የሚጨርስ ታርጋ ያላቸው ስንት ታውቃለህ?» አለው ሲያገኘው።

ፍራኦል ሳቀ። «ምን እነሱን ማወቅ ያሻል? ከመጋላ ሲያባርሯቸው ሁሉም የሄዱት መልካ ጀብዱ መስመር ላይ ነው። እዚያ ከስምንት በቀር ታርጋ የለም።»

«ውሰደኝ።»

«በእግርህ አትደርስም፣ አባ ፋራህ። መግባት አለብህ።»

ፋራህ ባጃጁን ዙሪያውን ዞረው። ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ገባና ልጓም እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ የፊቱን ብረት ጨበጠ። ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ነው የተነፈሰው።

«ይሄ ነገር ሲከፋው በምን ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀ።

«ሲከፋው ይቆማል።»

ፋራህ ብረቱን ለቀቅ አደረገ። «ሱልጣንም እንደዚያው ነበር» አለ።

መልካ ጀብዱ ሲደርሱ በስምንት የሚጨርሱት ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ፋራህ መሐላቸው ቆሞ ተናገረ። መንገድ የአላህ ነው አለ፤ በታርጋ ሰው ሲለይ አላየሁም አለ፤ እግሩ የክብሪት የሆነ ፈረስ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ እናንተ አራት እግር ሙሉ... እዚህ ላይ ሦስት ጎማቸውን አይቶ አረመው። ሳቁ፤ ተነሱም። ከተማ የሚወርድ ገበሬ በየባጃጁ ተጫነ፤ ገበሬ ያልደረሰው ሽንኩርት ጫነ፤ አንዱ ኑርቶ የምትባል ሴት ከሁለት ፍየሎቿ ጋር ደረሰችው።

ከዐስር በኋላ ማማ ቦጌ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። «አባ ፋራህ ቀረ» እያሉ ሲያዝኑ፣ የሱን ቦታ ባዶ አድርገው ቦራን ራሱ ካርቶኑ ውስጥ ሊፈልጉት ሲሉ፣ አንድ ባጃጅ ከአስፋልቱ በኩል ታጠፈ፤ ፋራህ ቀረ ተብሎ መታጠፊያውን የሚጠብቅ አልቆመም ነበር። ከኋላው ወንበር ላይ ፋራህ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ቦራን በእጁ ከፍ አድርጎ ይዟል።

«ስምንት!» ብሎ ጮኸ። «መስመሩ ላይ አቁሙልኝ!»

ፋራህ ወረደ፤ ቦራን ተቀብለው መስመሩ ላይ አቆሙት። አንድ ተራመደ። ተከትሎ ሌላ ስምንት ገባ። ሌላ ስምንት። ሽንኩርት የጫነው ላይ ክርክር ተነሳ። ኑርቶ ፍየሎቿን ይዛ ስታልፍ ደግሞ «ፍየል ተሳፋሪ ነው?» ተባለ።

«ከፍላችኋል?» አለች ማማ ቦጌ።

«ለፍየሎቹም ከፍያለሁ!» አለች ኑርቶ ተቆጥታ።

«ተሳፋሪ ናቸው» ተብሎ ተፈረደ።

ወሬው ሂሻም ዘንድ ለመድረስ አፍታ አልፈጀበትም። ማንን እንደሰበሰበ አላህ ይወቅ፣ በአራት የሚጨርሱ ባጃጆችን አሰልፎ ከገበያው በኩል በሌላው ጫፍ ገባ። ስምንት ከዚህ፣ አራት ከዚያ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየገባ፤ ቦራና ዳማው ሌሎቹን ፈረሶች መነሻው ላይ ትተው ጎን ለጎን ይገሰግሱ ጀመር። ሁለቱም አንድ እርምጃ ብቻ ሲቀራቸው ሁለቱ ሰልፎች በትክክል በማማ ቦጌ በር ግራና ቀኝ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ። መንገዱ ደግሞ አንድ ባጃጅና አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አሁን ማንም ማለፍ አልቻለም። ክላክሱ፣ ፍየሉ፣ ስድቡ በሦስት ቋንቋ ተደበላለቀ።

ፋራህ መሐላቸው ገብቶ «እኔ አስወጣችኋለሁ፤ ይሄን መንገድ ከናንተ በላይ አውቀዋለሁ» አለና ያስተባብር ገባ። «ሂድ! ቀስ! ጎንህን ስጥ! ኋላህን ሰብሰብ!» ሲል ነጂዎቹ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ አንደኛው ጎኑን ሰጠና ከግንቡ ጋር ተጣበቀ። ቀድሞ ወደ ኋላ መመለስ ይቻል የነበረው አሁን ጨርሶ ተዘጋ።

ትራፊክ ፖሊስ ማህደር የመጣችው ያኔ ነው። ድሬ ከተዛወረች ገና ብዙ አልቆየችም። ሰውን ከፍላ ገባችና መሐል ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው እዚህ?»

«የፈረስ ውድድር» አለች ማማ ቦጌ።

ማህደር ግራ ቀኝ ቃኘች። «ፈረሱስ?»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙ። ማህደር የእንጨት ፈረሶቹን አየች፤ ባጃጆቹን አየች፤ እንደገና ፈረሶቹን አየች። ከዚያ ወደ ፋራህ ዞራ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያመጧቸው?» አለች።

ድሬ አንቱታ አታውቅምና ፋራህ «እርስዎ» የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። «እኔ ነኝ» አለ፤ መዋሸት ስለማይችል ጨምሮ «ግን ስምንቶቹን ብቻ ነው። አራቶቹ የሂሻም ናቸው» አለ።

ማህደር ሰሌዳውን በደንብ ለማየት ጎንበስ ስትል ዓይኗ ከሰሌዳው ጠርዝ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሰማያዊ ነው። ሰሌዳውን ትንሽ ገፋ አደረገችው። ነጭ ቀስት ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ማማ ቦጌ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

«የአንድ አቅጣጫ ምልክት ነው እኮ!» አለች ማህደር። «እኔ በየመንገዱ ስፈልገው!»

«ወድቆ ነው ያገኘሁት» አለች ማማ ቦጌ። «በጎርፉ ጊዜ። አነሳሁት። ባላነሳው ይሄኔ ሰርቀውት ነበር።»

ከሰዉ መሐል አንድ ሳቅ አምልጦ ወጣ። ማህደር ራሷ ከንፈሯን ነክሳ ነው የመለሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ይሄ መንገድ ከአስፋልት ወደ ገበያ ብቻ ነው የሚሄደው! ከገበያ በኩል የገባ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለስ!»

ሂሻም እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አራቶቹ እያጉረመረሙ፣ አንዱ በአንዱ እየተጫኑ፣ የተጣበቀውንም ገፍተው አላቀው ወደ ኋላ ወጡ። ከስምንቶቹ ተራው የደረሰው ባጃጅ፣ አንቀላፍቶ ሁሉ ነገር ያመለጠው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይዞ፣ ጠረጴዛውን አለፈ። ቦራ የመጨረሻዋን እርምጃ ተራመደ።

ፋራህ ዱካው አጠገብ ሄዶ ቆመና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠበቀ።

ሕጉ ጭራ የወጣው ያወድሳል ነው። ጭራ የወጣው ግን ሁሉም ነው፤ ከቦራና ከዳማው በቀር የተነቃነቀ የለም። አንዱ ሌላውን ገፋ። እስከዚያን ቀን ከፋራህ በቀር ዱካው ላይ የወጣ አልነበረምና ማንም የሚለው አጣ።

«ጥሩ ፈረስ ነው» አለ አንዱ ወጥቶ፣ ወረደ።

«በጣም ጥሩ ፈረስ ነው» አለ ሁለተኛው።

ኡስታዝ ሙስአብ ከዳር ሆኖ «ማሻአላህ» አለ። ማማ ቦጌ ደግሞ «እግሩ... የክብሪት ነው» ብላ እዚያው ላይ ጨረሰች።

ፋራህ እንደቆመ ነው። ፊቱ እየጠቆረ መጣ። ለቦራ ነው ያዘነው፤ ይሄን ሁሉ መንገድ ሮጦ ይሄ ነው ምስጋናው?

ሂሻም ዳማው ሁለተኛ ስለወጣ ግዴታ አልነበረበትም። ግን ከሰው መሐል ወጣ፤ ዱካው ላይ ቆመ፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

«ይሄ ፈረስ...» አለና ተደናቀፈ። ወደ ባጃጁ ዞሮ አየ። «ይሄ ፈረስ ነዳጅ አይሰለፍም!»

ሰው ሳቀ።

«ጎማ አይተነፍስም! መለዋወጫው ክብሪት ነው፣ በየሱቁ ይገኛል! ዝናብ ሲመጣ አይጠፋም! ታርጋ የለውም፣ ትራፊክ አያስቆመውም!» ማህደርን አየና ፈጠን ብሎ አለፈ። «መንገድ ዘጋንበት፤ አልከሰሰንም። ቆሞ ጠበቀን። እኔ የስምንቶቹን መንገድ የዘጋሁት ለክፋት አይደለም፣ ወላሂ። አባ ፋራህ ሲያወድስ ለመስማት ነው። ባጃጅ ስነዳ እንኳ ያን የነፋሱን ነገር ለራሴ እለዋለሁ። ተሳፋሪ ‹ምን አልክ?› ይለኛል። አባቴም ጋሪ ነጂ ነበር፤ እኔ ግን ፈረስ ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም።»

ፋራህ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና አቧራ ነው አለ። አቧራ አልነበረም፤ ከዚያች አንድ ውሸት በቀር ሲዋሽ የሰማው የለም።

«አንገቱን ረሳህ» አለው ሂሻምን። «ፈረስ ሲወደስ አንገቱ አይቀርም። ግን አያያዝህ ይበጃል።»

ማህደር ማንንም አልቀጣችም። የመንገድ ምልክቱን ግን ወሰደች። «ጨዋታውን አልከለክልም፤ በታርጋ መጫወት ግን ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል» ብላ ብብቷ ሥር ሸጉጣው ስትሄድ፣ ፍየሎቹ እስከ መታጠፊያው ሸኟት።

አሁን ማማ ቦጌ በር ላይ ሰሌዳው የሚዘረጋው በለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። ቁጥር የተጻፈባቸው ቆርኪዎች በቆርቆሮ ገብተው እሷ ዓይኗን ጨፍና ታወጣለች፤ ታጭበረብራለች የሚሉም አሉ። የባሰው ግን ሌላ ነው። ሂሻም ከዚያን ቀን ወዲህ ዱካው ላይ መውጣት ጣመው፤ እሱን አይተው ሌሎቹም ጀመሩ። ባጃጅ ነጂው ሁሉ መሪ ይዞ ቤት ይመታል። ማሸነፍ የሚፈልግ ጠፋ። ሰው ፈረስ መርጦ «ያረቢ፣ ጭራ አድርገው» እያለ ይጸልያል።

«ፈረሱ እንዲሸነፍ የሚለምን ሕዝብ!» ይላል ፋራህ ተናዶ። «እንዲህ ያለ ጉድ የት ታይቷል?»

የሚያናድደው ግን ይሄ ብቻ አይደለም። እሱም ማወደስ አምሮታል፤ ለሰባት ቁጥሩ ጥቁር ፈረስ አዲስ ግጥም ካዘጋጀ ሰነበተ። ቦራ ደግሞ ማሸነፍ ከጀመረ ወዲህ መሸነፍ እምቢ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ከስምንት ሌላ ቆርኪ ያለ አይመስልም። ትናንትም አሸነፈ። ጭራ የወጣው ፍራኦል በደስታ ዘሎ ዱካው ላይ ወጣና የቦራን ቅልጥም ከመልካ ጀብዱ ሽንኩርት፣ ጋማውን ከቃሪያ ማሳ ጋር ማመሳሰል ጀመረ። ፋራህ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ግጥሙን በሆዱ ይዞ፣ ኩርምት ብሎ ያዳምጣል።

«አንገቱ» አለ በመጨረሻ ሳያስችለው። «አንገቱን በል እንጂ!»